የምትጨርሱትን ምረጡ፦ ልጅ የዓይን ካንሰር ሲታከም የጎጃም ቤተሰብ የሚያመዛዝናቸው ነገሮች

ነገሩ የታየን የእህቴ ልጅ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ሲሆናት ነው። ማታ ኩራዝ ሲበራ ግራ ዓይኗ ውስጥ ነጭ ነገር ብልጭ ይላል። እህቴ «እንደ ድመት ዓይን ነው የሚያበራው» አለችኝ። ለፋሲካ አገር ቤት ስሄድ በስልኬ ፎቶ አነሳኋት። አንደኛው ብሌን ቀላ ብሎ ወጣ። ሌላኛው ነጭ ነበር። መጀመሪያ የወሰድናት ጤና ተቋም ቅባት ሰጥቶ መለሰን። ሦስት ወር በዚህ አለቀ። ያ ሦስት ወር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በሽታው ሬቲኖብላስቶማ ይባላል። ዓይን ውስጥ በስተኋላ በኩል፣ ብርሃን የሚቀበለው ስስ ሽፋን ላይ የሚነሳ የሕፃናት ካንሰር ነው። ከ16,000 እስከ 18,000 ከሚወለዱ ልጆች አንዱን ይይዛል። አብዛኞቹ ላይ የሚታወቀው 5 ዓመት ሳይሞላቸው ነው። በዓመት ከ3 ሚሊዮን በላይ ልጅ በሚወለድባት አገራችን፣ በዚህ ስሌት ከሄድን፣ በየዓመቱ ከ150 በላይ ቤተሰብ እኛ የቆምንበት ቦታ ላይ ይቆማል።

ቀድሞ ከተደረሰበት ይድናል። ሀብታም አገሮች ውስጥ ከ100 ልጆች ከ95 በላይ ይተርፋሉ። እኛ ጋ ብዙ ልጆች የሚያልፉት ዘግይተው ስለሚመጡና ሕክምናውን መሀል ላይ ስለሚያቋርጡ ነው። ይህን ስረዳ ነው ምርጫዎቻችንን የምመዝንበት ነገር የተለወጠው። ድሮ «የቱ ይበልጣል?» እል ነበር። ከዚያ በኋላ «የቱን ጀምረን እንጨርሰዋለን?» ማለት ጀመርኩ። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ በዚህ ጥያቄ እያያችሁ አንብቡት።

ዓይኑ ይውጣ ወይስ ይቆይ?

ከሁሉም የሚከብደው ይህ ነው። ሐኪሙ «ዓይኗ መውጣት አለበት» ሲል እህቴ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠች ቀረች። የባሏ እናት ደግሞ «ዓይን አውጥቶ ማዳን ምን የሚሉት ማዳን ነው?» አሉ። አልፈርድባቸውም። እኔም በሆዴ ያልኩት ያንኑ ነው።

ሁለቱን መንገዶች ጎን ለጎን እንያቸው።

ዓይኑ ሲወጣ ቀዶ ጥገናው አንድ ሰዓት አካባቢ ነው። ልጁ ሙሉ ማደንዘዣ ይወስዳል። ብዙ ጊዜ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ከአልጋ ይነሳል። የዓይን ቆቡ፣ ሽፋሽፍቱና ጡንቻው እዚያው ይቀራሉ። ባዶው ቦታ ላይ ትንሽ ኳስ መሳይ ነገር ይገባና ይሰፋል፤ ሰው ሠራሹ ዓይን በኋላ ከላዩ ይቀመጣል። ካንሰሩ ከዓይኑ ሳይወጣ ከተደረሰበት ሕክምናው እዚህ ላይ ሊያበቃ ይችላል። የዚያ ዓይን ብርሃን ግን ላይመለስ ይሄዳል።

ዓይኑን ለማቆየት ሲሞከር ደግሞ ኬሞ፣ ማለትም ካንሰሩን የሚገድል መድኃኒት፣ ይሰጣል። በብዛት 6 ዙር ነው፤ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ። ከዚያ እብጠቱ ሲያንስ በሌዘር ወይም በቅዝቃዜ ይመታል። ሐኪሙ በየጊዜው ልጁን በማደንዘዣ አስተኝቶ ዓይኑን ውስጥ ድረስ ያያል። ይህ ክትትል ኬሞው ካለቀ በኋላም ለዓመታት ይቀጥላል። ተሳክቶለት ብርሃን የሚተርፍለት ልጅ አለ። አንድ ሁለት ቀጠሮ ካመለጠ ግን ካንሰሩ በዓይን ነርቭ በኩል ወደ አንጎል የሚሄድበት ጊዜ ያገኛል።

እንግዲህ የቱ? ካንሰሩ በአንድ ዓይን ብቻ ከሆነ፣ ያ ዓይን ከሞላ ጎደል ከተሸፈነና ሌላው ዓይን ጤነኛ ከሆነ፣ እኔ ማውጣቱን እመርጣለሁ። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው። ሊቆይ የታሰበው ዓይን እኮ ከመጀመሪያውም አያይም ነበር። የማያይ ዓይን ለማትረፍ ስድስት ጊዜ ዓባይ በረሃን መሻገርና ልጅቱን ለአደጋ ማጋለጥ አልታየኝም። በሁለቱም ዓይን ሲሆን ነገሩ ይለያል። ብዙ ጊዜ የባሰበት ይወጣና የተሻለው እንዲቆይ ይታገላሉ። እዚያ ላይ ድካሙ ተገቢ ነው። የልጁ የማየት ተስፋ በሙሉ ያለው እዚያ ነውና።

ዘመድ ሁሉ የሚያነሳው አንድ ጥያቄ አለ። «ናሙና ሳይወሰድ እንዴት ዓይን ይወጣል?» ይላሉ። ለአብዛኛው ሌላ ካንሰር እውነት ነው፣ መጀመሪያ ናሙና ይወሰዳል። ለዚህኛው መርፌ ማስገባት ካንሰሩን ከዓይን ውጭ ሊበትነው ስለሚችል አይደረግም። ሐኪሙ የሚለየው ዓይኑን በማየት፣ በአልትራሳውንድ፣ ካስፈለገም በሲቲ ስካን ወይም በኤምአርአይ ነው። ይህን ቀድማችሁ ለቤተሰቡ ብታስረዱ ብዙ ጭቅጭቅ ይቀራል።

ዓይኑ ከወጣ በኋላ በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል፣ ወደ ፓቶሎጂ፣ ይላካል። ካንሰሩ ወደ ነርቩ ወይም ወደ ዓይኑ ግድግዳ ዘልቆ እንደሆነ ያዩታል። ዘልቆ ከሆነ ኬሞ ይከተላል። ብዙ ሰው ቁስሉ ሲደርቅ «አለቀ» ብሎ ይመለሳል፤ ውጤቱ ሳይነበብ እዚያው ይቀራል። በሞቴ፣ ይህን አታድርጉ። ሁሉም መቆየት ካልቻለ አንድ ሰው ይቅርና ውጤቱን ሐኪሙ ፊት ያስነብብ።

ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይስ አዲስ አበባ?

ሪፈር የሚጻፈው ብዙ ጊዜ በሐኪሙ ሐሳብ ነው። ቢሆንም ይጠይቋችኋል፤ አስቡበት።

ከሞጣ፣ ከመራዊ፣ ከዳንግላ አካባቢ ላለ ሰው መጀመሪያ የሚቀርበው ባሕር ዳር ነው። ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ጊዮን ሆስፒታሎች እዚያ አሉ። ዓይን ሐኪም አይቶ ጥርጣሬውን ለማረጋገጥና ሪፈር ለማጻፍ ጥሩ መነሻ ነው። ጎንደር ከባሕር ዳር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የዓይን ሕክምናና ማሠልጠኛ ማዕከል አለው፤ የሕፃናት ካንሰር ሕክምናም እዚያው ግቢ ይሰጣል። ለአስታማሚ ይህ ትልቅ እፎይታ ነው። ከአንዱ ሆስፒታል ወደ ሌላው ካርድ ይዞ መሮጥ የለም።

ከደብረ ማርቆስ፣ ከደጀን፣ ከቢቸና ለሚነሳ ሰው ብዙ ጊዜ አዲስ አበባ ይቀናዋል። ከደብረ ማርቆስ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ዓይኑ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል፣ ኬሞው ደግሞ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሊሆን ይችላል። ሁለት ግቢ፣ ሁለት ካርድ፣ ሁለት ወረፋ። ስለዚህ ከተማውን የሚያውቅ ሰው ከሌላችሁ ድካሙ እጥፍ ነው።

እኛ አዲስ አበባን የመረጥነው እኔ እዚህ ስለምኖር ብቻ ነው። ጎንደር ዘመድ ቢኖረን ጎንደር እንሄድ ነበር። ማደሪያ ያለበትን ከተማ ምረጡ። ሌላው ልታስቡበት የሚገባው መንገዱ ነው። ባለፉት ዓመታት በእኛ አገር መንገድ እንዴት እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ። አንድ ጊዜ እህቴ ደጀን ላይ አራት ቀን ቆማ ቀጠሮዋ አለፈ። ከዚያ ወዲህ ከቀጠሮው ሳምንት ቀድመን መነሳት ጀመርን። የሐኪሙን ክፍል ስልክም ያዝን። ሲዘጋ እንደውላለን፣ አዲስ ቀን ይሰጡናል።

ውጭ አገር ስለመሄድ አጭር ነገር ልበል። ጎረቤት ገንዘብ አዋጥቶ ሕንድ የተላከ ልጅ እንዳለ ትሰሙ ይሆናል። አገር ውስጥ የሚሠራውን ቀዶ ጥገና ለማግኘት ገንዘብ እስኪዋጣ ወራት መጠበቅ ግን ልጁን ይጎዳዋል።

በዙሮች መካከል፦ ወደ ቤት መመለስ ወይስ መቆየት?

የእኛ ልጅ የፓቶሎጂ ውጤቷ ኬሞ ያስፈልጋታል አለ። ስለዚህ ይህን ምርጫ በደንብ አውቀዋለሁ።

ኬሞ ከተሰጠ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነጭ የደም ሴል ይወርዳል። ያኔ ትንሽ ኢንፌክሽን ልጅን ሊገድል ይችላል። ሙቀቱ 38 ዲግሪ ከደረሰ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል መግባት አለበት። ይነጋልን አትበሉ። ፓራሲታሞል ሰጥቶ ማየትም አይሆንም፤ ትኩሳቱን ይደብቀዋል።

እንግዲህ ቤታችሁ ከገጠር ቀበሌ ከሆነ፣ ሆስፒታል ለመድረስ በእግር ሁለት ሰዓት ከዚያም መኪና የሚያስፈልግ ከሆነ፣ ቢያንስ ያን ሁለት ሳምንት ከተማ ቆዩ። ያለ ማመንታት ይህን እመክራለሁ። ቤታችሁ ደብረ ማርቆስ ወይም ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ ከሆነ ግን መመለስ ይቻላል። ልጁ ወንድም እህቱን ያያል፣ የናቱን ጓዳ ያሸታል፣ ይበላል። የምግብ ፍላጎት መመለሱ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ሦስት ነገር ይዛችሁ ተመለሱ። አንዱ ቴርሞሜትር። ሁለተኛው ሐኪሙ የጻፈው ወረቀት፤ ምን መድኃኒት መቼ እንደወሰደ፣ ትኩሳት ቢመጣ ምን እንደሚደረግ የሚገልጽ። ሦስተኛው በሌሊት የሚነሳ የባጃጅ ሾፌር ስልክ። የተረኛው ሐኪም ያንን ወረቀት ሲያይ ሌላ ሰው ይሆናል። እንደ ተራ ትኩሳት አያየውም።

ምግብም እንዲሁ ነው። የበሰለ፣ ትኩስ፣ በንጹሕ እጅ የተሠራ። ወተት ይፈላ። ቪንክሪስቲን የሚባለው መድኃኒት ሆድ ያደርቃል፤ ውኃና አጥሚት ይረዳል። ፀጉሯ ሲረግፍ እህቴ አለቀሰች። ልጅቱ ግን ራሷን እየዳበሰች ሳቀች።

ማን ያስታምም?

እናት ትሂድ ይባላል፤ ማንም አይከራከርም። እኔ ግን እከራከራለሁ።

እናት ብቻዋን ስትሄድ ልጁ ይረጋጋል። ጡት የሚጠባም ከሆነ ሌላ አማራጭ የለም። ግን እናት ቤት ውስጥ ሌሎች ልጆች አሏት። በየሌሊቱ ስለነሱ ታስባለች። ከአንድ ወር በኋላ «ትንሽ ደህና ሆኗል፣ እንመለስ» የምትለው ደካማ ስለሆነች አይደለም፤ ቤቷ እየፈረሰ ስለሚመስላት ነው። ሕክምና የሚቋረጠው ብዙ ጊዜ እንዲህ ነው።

አባት ሲሄድ ወረቀቱ፣ ክፍያው፣ ክርክሩ ይቀላጠፋል። እርሻው ግን ይቆማል። የአጨዳ ወቅት ከሆነ ልቡ ጤፉ ላይ ነው። ክፍሉ ውስጥም እናቶች ስለሚበዙ ሌሊት ወንድ አስታማሚ ላይፈቀድ ይችላል።

እኛ የተስማማንበት መፈራረቅ ነው። እናቷ የኬሞውን ሳምንት ትይዛለች፤ እኔ ክትትሉን። አባቷ ለቀዶ ጥገናውና ለወሳኝ ቀጠሮ ብቻ ይመጣል። ፊርማ የሚጠየቅበት ቀን ሁለቱም ወላጆች ቢገኙ ጥሩ ነው። አንዱ ፈርሞ ሌላው «ያለ እኔ ዓይኗን አስወጣሽ» ሲል የፈረሰ ትዳር አይቻለሁ። አገር ቤት ደግሞ ጎረቤት ጅጊ ወጥቶ ጤፉን አጨደ። አባቷ ያን ቀን ስልክ ደውሎ የነገረኝ ድምፅ አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር አላልፍም። ለአስታማሚዋም አስቡ። እህቴ ፍልሰታን እየጾመች ነበር ስታስታምም የቆየችው። አንድ ቀን ኮሪደሩ ላይ ወደቀች። የንስሐ አባቷ ሲሰሙ «ታማሚ ይዘሽ ራስሽን አታጥፊ፣ ብዪ» አሏት። ፈቃዱን ቀድማችሁ ጠይቁ።

ማደሪያ

ዘመድ ቤት ርካሽ ነው፤ ግን ልጁ ለኢንፌክሽን በሚጋለጥበት ጊዜ ጉንፋን የያዘው ሰው የሚበዛበት ቤት ይከብዳል። አልጋ ቤት ነጻነት አለው፣ ኪስ ግን ይበላል፤ ወጥ መሥሪያም የለውም። አዲስ አበባ ከሆናችሁ ተስፋ አዲስ የሚባለው የካንሰር ሕሙማን ልጆች ወላጆች ማኅበር ከክፍለ ሀገር የመጡ ልጆችን ከነአስታማሚያቸው ያስጠጋል። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲም እንዲሁ ይረዳል። ነርሷን ወይም የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋን ጠይቁ። ማፈር አያስፈልግም። እዚያ የምታገኟቸው ሌሎች እናቶች ከማንም ብሮሹር የበለጠ ያስተምሯችኋል።

በሬው ይሸጥ ወይስ…?

በመጀመሪያው ድንጋጤ በሬ ይሸጣል። በሬ ሲሸጥ የሚመጣው ዓመት እርሻም አብሮ ይሸጣል። ሕክምናው ወራት ስለሚወስድ ገንዘቡም ወራት መቆየት አለበት።

መጀመሪያ የጤና መድኑን እዩ። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ከሆናችሁና መታወቂያው ከታደሰ፣ ከጤና ጣቢያ ጀምሮ በሪፈር ተራውን ጠብቃችሁ ከሄዳችሁ ብዙ ወጪ ይቀንስላችኋል። ተራውን ዘላችሁ በቀጥታ ከሄዳችሁ ግን ሊቀርባችሁ ይችላል። መድኑ የመኪናና የማደሪያ ወጪ አይሸፍንም። መድኃኒት ከሆስፒታሉ ሲጠፋም ከውጭ ፋርማሲ ግዙ ትባላላችሁ። እድሩና እቁቡ ለዚህ ይሁኑ። ለእድሩ ሰዎች «ለልጅቱ እርዱን» ብቻ አትበሉ። «በየሦስት ሳምንቱ ለደርሶ መልስ ይህን ያህል ያስፈልገናል፣ ስድስት ጊዜ» በሉ። ቁጥር ሲነገረው ሰው ይረዳል። እኛ በሬውን ሳንሸጥ በግ ሸጠን፣ ቀሪውን እድሩ በየወሩ አሟላ።

ጠበልና ሐኪም

ጎጃም ተወልዶ ጠበል አትሂዱ የሚል ሰው አይሰማም፤ እኔም አልልም። ጥያቄው የትኛው ይቅደም ነው። ነጩ ነገር ሲታይ «ዓይነ ጥላ ነው፣ የሰው ዓይን ነው» ተብሎ ሱባኤ የሚገባ ቤተሰብ አለ። ሱባኤው ሲያልቅ ዓይኑ ወደ ውጭ ገፍቶ ይወጣል። ያኔ ሕክምናውም ሌላ ነው፣ ተስፋውም ያንሳል።

እኛ ለንስሐ አባታችን ሁሉንም ነገርናቸው። «ጠበሉም የእግዚአብሔር ነው፣ ሐኪሙም የእግዚአብሔር ነው። ቀጠሮዋ አይለፍ» አሉን። ከዚያ በኋላ አያቷ ዝም አሉ። በቤተሰቡ ውስጥ የሚከበር ካህን አንድ ቃል፣ የእኔን አሥር ማስረጃ ይበልጣል። ቀድማችሁ አማክሯቸው። የቀዶ ጥገናው ቁስል ሳይደርቅ ግን ፊቷ ላይ ጠበል አይፈስም። ነጭ የደም ሴሏ በወረደበት ሳምንትም በሕዝብ መሀል አትጠመቅም፤ ያልፈላ ውኃም አትጠጣም። ጸሎቱ እዚያው አልጋዋ ድረስ ይመጣል።

ልጅቱ ምን ትባል?

«ዓይንሽን አይጥ ወሰደው» የሚላት ሰው ነበር። ተቆጣሁ። ሁለት ዓመት ተኩል የሆናት ልጅ ብዙ ይገባታል። «ዓይንሽ ታሞ ነበር። ሐኪሙ የታመመውን አወጣው። አንቺ ምንም አላጠፋሽም» አልናት። ደጋግመን። አሁን አራት ዓመቷ ነው። ሰፈር ልጅ ሲጠይቃት ራሷ ትነግረዋለች።

ሰው ሠራሹ ዓይን ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ ከ6 ሳምንት ገደማ ጀምሮ ይገጠማል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አለ፤ በልክ የሚሠራ አለ። በልክ የሚሠራው ያምራል፣ ዋጋው ግን ከበድ ይላል። ልጅ ሲያድግ ደግሞ መቀየሩ አይቀርም። ለጊዜው የተዘጋጀውን ይዛችሁ ትምህርት ቤት ስትገባ በልክ ብታሠሩ ይሻላል ባይ ነኝ። ጥቁር መነጽር አድርጎ መደበቁን አልወደድኩትም። ይልቅ የማይሰበር ጥርት ያለ መነጽር ግዙላት። የቀራትን አንድ ዓይን ከድንጋይና ከእንጨት ይጠብቅላታል።

ወንድም እህቶቿስ?

ከታመሙት ልጆች 40 በመቶ ገደማ በሚሆኑት ላይ በሽታው ከዘር ጋር የተያያዘ ነው። በሁለቱም ዓይን የታየ ከሆነ በዘር ነው ተብሎ ይወሰዳል። እርግማን አይደለም፤ አንድ ዘረ-መል ላይ የተፈጠረ ጉድለት ነው። ስለዚህ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ወንድምና እህቶች ዓይናቸው ይታይ። «ሲያማቸው እንወስዳቸዋለን» ወይስ «አሁኑኑ እናሳይ» ብሎ መምረጥ እዚህ ላይ የለም። አሁኑኑ ነው። ብሌኑ ነጭ ባይሆንም ዓይኑ መንሸዋረር ከጀመረ ያው ነው፤ ይታይ።

ታናሽ ወንድሟ የተወለደው ባለፈው ኅዳር ነው። በአንደኛው ወሩ አሳየነው። ደህና ነው ተባልን። ሁለተኛ ቀጠሮው ከጥምቀት በኋላ ነበር፤ እሷም የዚያኑ ዕለት ቀጠሮ ነበራት። ሁለቱንም አቅፈን በአንድ ሚኒባስ ተሳፈርን።